ቤታችሁ ጣፋጭ ጣዕም ያለው ቡና የሞከራችሁ አላችሁ? ሽታው ከጀበናዬ አልወጣ አለኝ

ሮማን_ቨርጂኒያ

ሰላም እንዴት ናችሁ። ባለፈው ቅዳሜ ከሱፐርማርኬት «ሃዘልነት ካራሜል» የሚል ቡና ገዛሁ፣ ሃዘልነት እንደ ለውዝ ያለ ፍሬ ነው፣ ካራሜል ደግሞ እስኪቀላ የቀለጠ ስኳር። እውነቱን ለመናገር የገዛሁት በሽታው ነው። ከረጢቱ ላይ ያለችውን ትንሽ ቀዳዳ ጫን ስታደርጓት የምትወጣው አየር ልክ ኬክ ከምድጃ ሲወጣ ነው የምትሸተው። ልጄም «እማዬ እንግዛው» አለችኝ።

ቤት ገብቼ በወጉ ላፍላው ብዬ ጀበና ጣድኩ። ገና ሲፈላ ቤቱን ሞላው፣ ኮሪደሩ ድረስ ወጣ። ሲኒ ውስጥ ቀድቼ አፌ ላይ ሳደርገው ግን ሌላ ነገር ሆነብኝ። መምረሩ አልገረመኝም፣ ቡና መራራ ነው። የገረመኝ አፍንጫዬ ጣፋጭ እየነገረኝ ምላሴ ምንም ጣፋጭ አለማግኘቷ ነው። ጉሮሮዬ ላይ የቀረው ደግሞ ሽቶ ሽቶ የሚል ነገር ነው። ሁለት ማንኪያ ስኳር ጨመርኩበት፣ አልተሻለም።

ያናደደኝ ግን የማግስቱ ነው። እናቴ የላከችልኝን ይርጋጨፌ በዚያው ጀበና አፈላሁና እሱም ሃዘልነት ሃዘልነት አለኝ! ጀበናዋን ከአዲስ አበባ በእጅ ሻንጣ በፎጣ ጠቅልዬ ነው ያመጣኋት፣ 9 ዓመት አገልግላኛለች።

ጥያቄዬ እንዲህ ነው። ይሄ ቡና ለምን አይጣፍጥም? ጀበናዬንስ ምን ላድርጋት? ደግሞ ሐሳቡን አልተውኩትም። እሁድ ከሰዓት በኬክ ፋንታ አንዲት ሲኒ ጣፋጭ ቡና ይዤ መቀመጥ እፈልጋለሁ። በራሳችን ቡና እንዴት ይሠራል?

የቡናው_ልጅ

ሰላም ሮማን። አዲስ አበባ ቡና የሚቆላ ቤት ውስጥ ነው የምሠራው። እኛ ጋ ጣዕም የተጨመረበት አንሠራም፣ አሠራሩን ግን አውቀዋለሁ።

ቡናው መጀመሪያ ይቆላል። ከዚያ ለብ እንዳለ በሚሽከረከር በርሜል ውስጥ ገብቶ ፈሳሽ ማጣፈጫ ይረጭበታል። መጠኑ ብዙ ጊዜ ከቡናው ክብደት 3 በመቶ አካባቢ ነው፣ ማለትም ለ1 ኪሎ ቡና ወደ 30 ግራም። ፈሳሹ ውስጥ ስኳር የለም። ያለው መዓዛ ብቻ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ ፕሮፒሊን ግላይኮል በሚባል ነገር የተበጠበጠ። ስለዚህ አንቺ የገዛሽው የካራሜልን ሽታ ነው፣ ካራሜሉን አይደለም። ካራሜል ሲሸተን ስኳር እንጠብቃለን፣ ምላሳችን ሲያጣው ደግሞ ቡናው ከወትሮው የባሰ የመረረ ይመስለናል።

ሁለተኛው ነገር ጀበናው ነው። እንዲህ ዓይነት ቡና የተሠራው በወረቀት ማጣሪያ ለሚንጠባጠብ ማሽን ነው። እዚያ ውሃው 92 ወይም 96 ዲግሪ ገደማ ሆኖ አንድ ጊዜ አልፎ ይወርዳል። ጀበና ውስጥ ግን ቡናው ይንተከተካል። ቶሎ የሚተነው መዓዛ በእንፋሎት ይሄዳል፣ ኮሪደሩን የሞላው እሱ ነው። ሲኒሽ ውስጥ የቀረው ከባድ ከባዱ ነው። ሽቶ ሽቶ ያለሽም እሱ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ለዚህ የሚመረጠው ቡና ብዙ ጊዜ ውዱ አይደለም፣ ማጣፈጫው ስለሚሸፍነው። ይርጋጨፌ በቤቷ ላለ ሰው እኔ አልመክርም።

የጎንደሯ_እናት

ልጄ ሮማን፣ ጀበናሽን በሳሙና እንዳትነኪያት። ሸክላ ይጠጣል። ሽታውን እንደጠጣው ሳሙናውንም ይጠጣዋል፣ ያኔ መላ የለውም።

እንዲህ አድርጊ። መጀመሪያ ውታፉን አውጥተሽ ጣይው። ሽታውን አጥብቆ የሚይዘው እሱ ነው፣ ሰው ጀበናውን ሲያጥብ ይውላል ውታፉን ይረሳዋል። ከዚያ የራስሽን ቡና አተላ ጀበናዋ ውስጥ ጨምረሽ ውሃ ሙይባትና አፍይው። ሳትደፊው ይደር። ጠዋት ድፊና በሙቅ ውሃ አለቅልቂያት። ሦስት አራት ጊዜ ደጋግሚው። በመጨረሻ አፏን ከፍተሽ ፀሐይ ላይ አውያት፣ ፀሐይ ከሌለ መስኮት አጠገብ። እርጥብ እንዳለች እንዳትወትፊያት።

ደግሞ ቡና ላይ ሌላ ጣዕም መጨመር የፈረንጅ ነገር ብቻ እንዳይመስላችሁ። እኛ ጤና አዳም እናደርግበታለን። ቅርንፉድና ሄል የሚጨምር አለ። በጨው የሚጠጣ አገር አለ፣ በቅቤ የሚጠጣም አለ። ቦረናና ጉጂ ደግሞ ቡና ቀላ የሚሉት አላቸው፣ ቡናውን ከነገለፈቱ በቅቤ ጠብሰው ይበሉታል። ልዩነቱ ምንድነው፣ እኛ የምንጨምረው ነገር በዓይን ይታያል። ጤና አዳሟ ሲኒው ላይ ቁጭ ብላ ታያታለሽ፣ ካልፈለግሽ አውጥተሽ ትጥያታለሽ።

ሳራ_ሻርጃ

እማማ ያሉት ልክ ነው። እኔም ከብዙ ሙከራ በኋላ የደረስኩበት ይሄንኑ ነው። ጣፋጩ ነገር ቡናው ሲፈላ አይገባም። ቡናሽን ንጹሑን አፍይ፣ ጣፋጩን ሲኒ ላይ ጨምሪ። ጀበናሽም ትተርፋለች።

እኔ የምሠራውን ካራሜል ልንገርሽ። 1 ኩባያ ስኳር፣ ማለት 200 ግራም፣ ወፍራም ቂጥ ያለው ድስት ላይ መካከለኛ እሳት። ውሃ አታድርጊ። መጀመሪያ ይጓጉላል፣ የተበላሸ ይመስላል፣ አትደንግጪ፣ ማማሰልሽን ቀጥይ፣ ይቀልጣል። የጠጅ ቀለም ሲይዝ ገና ነው። ጠቆር ያለ ማር ሲመስል ቶሎ 85 ግራም የገበታ ቅቤ ጨምሪ። እዚህ ላይ ዓይንሽን አትንቀዪ፣ ከማር ወደ ከሰል ያለው ርቀት ግማሽ ደቂቃ አይሞላም። ቅቤው ሲገባ ይንጣጣል፣ ፊትሽን አርቂ፣ ልጅሽም አጠገብ አትቁም። ከዚያ ግማሽ ኩባያ ክሬም ቀስ እያልሽ አፍስሺ፣ በመጨረሻ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው። ማሰሮ ውስጥ ገብቶ ፍሪጅ ሁለት ሳምንት ይቆያል። እባክሽ ንጥር ቅቤ እንዳትጠቀሚ፣ እኔ አንድ ቀን ባለኮሰረቱን ጨምሬ ወጥ ወጥ ያለ ካራሜል ወጣልኝ፣ ሙሉውን ደፋሁት።

ሲኒው ላይ አንድ የሻይ ማንኪያ ካራሜል አድርጊ፣ አቦሉን ቅጂበት፣ አማስይ። ቶና አይሆንም፣ ይቀጥናል፣ ካራሜሉ ይውጠዋል። ወተት ከፈለግሽ ማሽን አያስፈልግም። ክዳን ያለው ብርጭቆ እስከ ግማሹ ወተት ሙይ፣ ክዳኑን ግጠሚ፣ 30 ሴኮንድ በኃይል ነቅንቂ። ከዚያ ክዳኑን ከፍተሽ ማይክሮዌቭ ውስጥ 30 ሴኮንድ። አረፋው ወደ ላይ ይወጣና ይቆማል። አዲስ አበባ ካፌ የምንጠጣውን ማኪያቶ ያስታውስሻል።

ሌላም አለ። እዚህ ዐረቦቹ ገህዋቸውን በጣም ሳያጠቁሩ ቆልተው በሄል፣ አንዳንዴም በዛፍራን ያፈሉታል፣ ስኳር ግን አይጨምሩበትም። ጣፋጩ ከጎን የሚቀርበው ተምር ነው። አንድ ተምር ትነክሺያለሽ፣ ከላዩ አንድ ጉንጭ ትጠጫለሽ። መጀመሪያ ስቀጠር ስኳር ረስተው መስሎኝ ነበር። አሁን እሁድ እሁድ ለራሴ የሐረር ቡና አፍልቼ ተምር አቀርባለሁ፣ ከካራሜሉም የምወደው ይሄንን ነው። ቡና ቁርስ ለእኛም አዲስ ነገር አይደለም፣ ቆሎው ቀርቶ ተምር መግባቱ ብቻ ነው።

ሌሊት_ተረኛ

እኔ ግን ልቃወም። ሲያትል ሌሊት ነው የምሠራው፣ ጣዕም ያለው ቡና እወዳለሁ። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ጀበና የሚጥድልኝ የለም፣ ካራሜል የማማስልበት ድስትም የለኝም። ቫኒላ የሚሸት አንድ ኩባያ ቡና ይዤ መስኮት ላይ ስቆም ደስ ይለኛል። ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም።

ስለዚህ የገዛሽውን አትጣይው ሮማን። በቀዝቃዛ ውሃ ዘፍዝፊው። 100 ግራም ሸካራ ተደርጎ የተፈጨ ቡና፣ 1 ሊትር ውሃ፣ በመስታወት ዕቃ ፍሪጅ ውስጥ 14 ሰዓት። ማታ ብትዘፈዝፊው ለምሳ ይደርሳል። በወረቀት አጥልይው። ሙቀት ስላልነካው ምሬቱ ይቀንሳል፣ ያ ሽቶ ያልሽውም ለእኔ ይለዝብልኛል። በረዶና ወተት ጨምሪበት፣ ስኳር ከፈለግሽ ቀድመሽ በሙቅ ውሃ አሟሚው፣ በቀዝቃዛ ላይ ቶሎ አይሟሟም።

ፍሬውን ከሆነ የገዛሽው መፍጫሽን ለይ። ዘይቱ ምላጩ ላይ ይቀራል። የእኔ አንዴ ሸቶብኝ ሁለት እፍኝ ያረጀ ቡና ፈጭቼበት ነው የተመለሰው። ለውዝና መሰሉ የማይስማማው ሰው ቤታችሁ ካለ ደግሞ ከረጢቱ ላይ የተጻፈውን አንብቡ።

የቡናው_ልጅ

ሌሊት ተረኛ፣ በቀዝቃዛው ተስማምቻለሁ። ለዚያ ቡና የተሻለ መንገድ የለም።

ሳራ የሐረሩን ስላነሳች ግን አንድ ነገር ልበል፣ ምክንያቱም ሰው እዚህ ጋ ነው የሚሳሳተው። ማንኛውም ቡና ከማንኛውም ጣፋጭ ጋር አይሄድም። የታጠበ ይርጋጨፌ ሎሚ ሎሚ፣ አበባ አበባ ይላል። እሱ ላይ ካራሜልና ወተት ስትጨምሪበት ይጣላሉ፣ ሁለቱም ይበላሻሉ። ሮማን፣ እናትሽ የላኩልሽን ለብቻው ጠጪው፣ ከጎኑ ቀለል ያለ የሎሚ ኬክ ይበቃዋል። ለካራሜልና ለኮኮዋ ከነገለፈቱ በፀሐይ የደረቀው ይሻላል። ሐረር ወይም የጅማ ቡና፣ ጠቆር ብሎ የተቆላ። ጥሩ የሐረር ቡና እኮ ምንም ሳይጨመርበት የዱር እንጆሪ የመሰለ ነገር አለው። አንድ የሻይ ማንኪያ ኮኮዋ በትንሽ ሙቅ ቡና በጥብጠሽ እሱ ላይ ቅጂበት፣ ከዚያ ንገሪኝ።

ሮማን_ቨርጂኒያ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ እግዜር ይስጥልኝ። የሞከርኩትን ልንገራችሁ።

ካራሜሉ የመጀመሪያው ተቃጠለ። ስልክ ተደወለና ዞር አልኩ፣ ስመለስ ጥቁር ሆኗል። ሁለተኛው ግን ወጣልኝ። ይርጋጨፌውን አልነካሁትም። ጎረቤቴ የሐረር ቡና ነበራት፣ እሱን በሙቀጫ ወቅጬ፣ በእሷው ጀበና አፍልተን፣ አቦሉን ካራሜሉ ላይ ቀዳሁት። ሳራ፣ ጨውን እንዳልሽው ነው ያደረግሁት፣ ጨው ባይኖር ኖሮ ከረሜላ መምጠጥ ነበር የሚሆነው። ልጄ የወተቱን አረፋ በማንኪያ እየጠረገች ጨረሰችው፣ ቡናውን አልሰጠኋትም። ተምሩን ደግሞ ባለቤቴ ወደደው፣ እሱ ከመጀመሪያውም ቡና ላይ ስኳር አይወድም።

የሃዘልነቱን ዘፍዝፌ ሥራ ቦታ ይዤው ሄድኩ። ሌሊት ተረኛ፣ ልክ ነህ፣ ቀዝቅዞ ሌላ ነገር ነው። እኔ ደግሜ ባልገዛውም ከረጢቱን እንጨርሰዋለን።

እማማ፣ ውታፉን ጣልኩት። ሲወጣ ራሱ ሸተተኝ። ሦስት ጊዜ በአተላ አፍልቼባታለሁ። ትናንት አፍንጫዬን አፏ ላይ ደቅኜ ሳሸት ሽታው በጣም ቀንሷል፣ ግን ከታች ትንሽ አለ። ዛሬ ማታ አራተኛውን አፈላባታለሁ፣ ነገ ፀሐይ ነው ብለዋል፣ በረንዳ ላይ አውላታለሁ።