የአስፋልት ጥገና ላይ ናፍጣና ካርቦን ለመቀነስ ከየትኛው ዲጂታል መሣሪያ ይጀመር?

ጥያቄ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። 60 ኪ.ሜ. ነባር አስፋልት ከክረምቱ በፊት ይጠገናል፤ ጉድጓድ መድፈን፣ ስንጥቅ መሙላትና የመንገዱን ትከሻ (ዳሩን) ማስተካከል ነው። አሠሪው የካርቦን ልቀቱ ተሰልቶ እንዲቀንስ ይፈልጋል። ያለን ገልባጮቹ ላይ የተገጠመ ጂፒኤስ ብቻ ነው። ውድ ሶፍትዌር ሳንገዛ ከምን እንጀምር?

መልስ 1፦
ከሊትር ጀምሩ። አንድ ሊትር ናፍጣ ሲቃጠል 2.68 ኪሎ ግራም ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል፤ የነዳጅ መዝገባችሁ ትክክል ከሆነ ስሌቱ ማባዛት ብቻ ነው። ጂፒኤስ ግን ሊትር አይለካም። ሰልባትዮው (የነዳጅ ታንከሩ) ውስጥ የነዳጅ መጠን ሴንሰር ይገጠም። ሲገጠም ሰልባትዮው ባዶ ሆኖ 20፣ 20 ሊትር እየተጨመረ ንባቡ ይመዝገብ። ይህ ከታለፈ ሴንሰሩ የሰልባትዮውን ቅርጽ ስለማያውቅ ቁጥሩ ሁሉ ይዛባል። ዳገት ላይ የቆመ መኪና ነዳጅ የተጨመረበት ወይም የጎደለበት መስሎ ስለሚታይ ንባቡን ሜዳ ላይ ውሰዱ።

መኪናው ቆሞ ሞተሩ በከንቱ የሚሠራበትንም ጊዜ መዝግቡ። ቁልፍ መከፈቱ ማስረጃ አይሆንም፤ በባለ 24 ቮልት ገልባጭ ቮልቴጁ 27 አካባቢ ከደረሰ ዲናሞው እየሞላ፣ ሞተሩም እየሠራ ነው።

መልስ 2፦
ከዚያ በፊት ካባውን (ጠጠር የሚወጣበትን ቦታ) ተመልከቱ! በነፃ በሚገኘው የካርታ ሶፍትዌር ኪውጂአይኤስ ላይ ካባዎቹን፣ ፕላንቱን (አስፋልት የሚቀላቀልበትን)ና የጥገና ቦታዎቹን አስቀምጡ። በሊትር 2 ኪ.ሜ. የሚሄድ ገልባጭ ካባው 40 ኪ.ሜ. ሲርቅ ደርሶ መልስ 40 ሊትር ይፈጃል፤ 107 ኪሎ ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። 25 ኪ.ሜ. ላይ ቢገኝ 67 ይሆናል። ርቀቱን በቀጥታ መስመር አትለኩ፣ በመንገዱ ተከትላችሁ ለኩ። የቅርቡ ጠጠር ግን ላብራቶሪ ካላለፈ አይጠቅምም፤ በዓመቱ ድጋሚ መቆፈር ያመጣል።

መልስ 3፦
የፕላንቱን ማድረቂያ እንዳትረሱት። የጠጠሩ እርጥበት በ1 በመቶ በጨመረ ቁጥር የማድረቂያው ነዳጅ ወደ 10 በመቶ ይጨምራል። የደቃቁ ጠጠር ክምር ውሃ ስለሚይዝ ከሁሉ በፊት እሱ ይሸፈን፤ ወለሉም ተዳፋት ይኑረው። የእርጥበት ሴንሰር ቢገጠምም በየጠዋቱ ናሙና በምድጃ አድርቃችሁ አመሳክሩ።

ጠያቂ፦
አመሰግናለሁ። የመንገዱን ሸካራነት በስልክ መለካትስ ያዋጣል?

መልስ 1፦
ቅድሚያ ለመለየት ያዋጣል። ስልኩ ከመኪናው ጋር ጥብቅ ብሎ ይታሰር፤ ኪስ ውስጥ ከሆነ ዋጋ የለውም። ፍጥነቱ አንድ ዓይነት፣ የጎማው አየርም ልክ ይሁን፤ ሸካራነቱ በታወቀ መንገድ ላይ አስቀድሞ ይመሳከር። የፍጥነት መቀነሻ ጉብታዎችን ከመረጃው አውጡ፣ ጉድጓድ መስለው ይገባሉ። የተዘጋ ቦይና ከልቨርት (ከመንገዱ ሥር ያለ የውሃ ማሳለፊያ) ግን ስልክ አያይም፤ በኮቦ ኮሌክት (መረጃ መሰብሰቢያ የስልክ መተግበሪያ) ቅጽ ፎቶና መገኛ እየያዙ በእግር መዞር ያስፈልጋል፣ ኔትወርክ በሌለበትም ይሠራል።