እንሰቱን ነቅለን ቡና እንትከል? ጊምቦ ላለው የቤተሰብ መሬት ምክር ፈልጌ

የጊምቦዋ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። የቤተሰብ ክርክር ከርሮብናል፤ የገጠርን ነገር የምታውቁ ብትመልሱልኝ ደስ ይለኛል።

ወላጆቼ የሚኖሩት ካፋ ዞን፣ ጊምቦ ወረዳ ነው። እኔ አዲስ አበባ ነኝ። መሬታችን ብዙ አይደለም። ቤቱን ከቦ የእማዬ እንሰት አለ። በመሃል በመሃሉ ጎመን፣ ጎደሬና ትንሽ ቦዬ ታበቅላለች። ከእንሰቱ ቀጥሎ የበቆሎ ማሳ ነው። ከዚያ ቁልቁል ሲወረድ ቡናው ይመጣል። ቡናው ከጫካው ጋር የተያያዘ ነው፤ ድንበሩ የት ላይ እንደሆነ አጥርቶ የሚያውቀው አባዬ ብቻ ነው።

ድሮ ቡናችን የሚወጣው በበቅሎ ነበር። አሁን ጠጠር መንገድ ቀበሌው ድረስ ገብቷል። በመኸር ጊዜ አይሱዙ ደጅ ድረስ ይመጣል። ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ከተለቀቀ ወዲህ ደግሞ የቡና ዋጋ አይቀመስም። ታናሽ ወንድሜ ይህን አይቶ ተነሳ። «እንሰት ስድስት ዓመት ጠብቀሽ ቆጮ ነው የሚሰጥሽ። ቦታውን ቡና እንትከልበት፣ ቆጮውን ገዝተን እንበላለን» ይላል። ከጫካው ጠርዝም ትንሽ መንጥሮ በቆሎ ሊዘራ አስቧል። እማዬ «እኔ በሕይወት እያለሁ እንሰቴ አይነካም» ብላለች። አባዬ እስካሁን ምንም አልተናገረም።

በወረቀት ስናሰላው ወንድሜ ነው የሚያሸንፈው። እኔ ግን የእማዬ ነገር ከግትርነት ያለፈ ይመስለኛል። የሚያስረዳኝ አለ?

ነባር ልማት ሠራተኛ

እህቴ፣ ካፋና ሸካ ውስጥ በልማት ጣቢያ ሠራተኛነት ብዙ ሠርቻለሁ። እንሰቱ አይነቀል። ምክንያቴን ልንገርሽ።

የወንድምሽ ስሌት የዓመት ስሌት ነው። ሰው የሚርበው ግን በወር ነው። የቡና ብር የሚገባው ከጥቅምት እስከ ጥር ነው። ጎተራው ባዶ የሚሆነው ከሰኔ እስከ ነሐሴ። በመሃል የልጆች ትምህርት ቤት አለ፣ ሠርግ አለ፣ ለቅሶ አለ፣ የማዳበሪያ ብድር አለ። የኅዳሩን ብር ሐምሌ ላይ የሚያገኘው ቤት ጥቂት ነው። ያን ጊዜ ቡና ሰብሳቢው ነጋዴ ብር ይዞ ብቅ ይላል። ገና አረንጓዴ የሆነውን ቡና ዛፉ ላይ እንዳለ፣ በመኸር ከሚያወጣው እጅግ ባነሰ ዋጋ ይገዛል። የባሰበት ደግሞ መሬቱን በወለድ አገድ፣ ማለትም ብድሩን እስኪከፍል አበዳሪው እንዲጠቀምበት፣ ይሰጣል። ደህና ቡና ያላቸው አባወራዎች በክረምት በቆሎ በጣሳ ሲበደሩ በዓይኔ አይቻለሁ። ቡናቸው መስከረም ሳይጠባ የሌላ ሰው ሆኗል።

እንሰት ያለው ቤት ሐምሌ ላይ ጉድጓድ ይከፍታል። እናትሽ ስትፍቅ አይተሽ ይሆናል። ግንዱን ዘንበል ባለ ጣውላ ላይ አስደግፋ በቀርከሃ ትፍቃለች፣ ሥሩን ትከትፋለች፣ ውሃውን ጨምቃ ቡላውን ታስቀራለች። የቀረውን በቅጠሉ ጠቅልላ ትቀብረዋለች። የተቀበረው ለወራት፣ አንዳንዱም ከዓመት በላይ ይቆያል። ያልተፋቀውም ቆሞ ይጠብቃል። በቆሎ እንደዚህ አይጠብቅሽም። በጊዜው ካልሰበሰብሽው ይበሰብሳል፣ ከሰበሰብሽውም በኋላ ነቀዝ አለ።

ስለ ቦታው ደግሞ ይህን አስቢ። ለምግብ የደረሰ ከ40 እስከ 60 የእንሰት ተክል አምስት ስድስት ሰው ላለበት ቤት የዓመት ምግብ ሊሆን እንደሚችል ብዙ ጊዜ ይጠቀሳል። የሚይዘው ቦታ ከ250 እስከ 375 ካሬ ሜትር ነው። ተተኪው ሲጨመር ሰፋ ይላል፤ ቢሆንም የሄክታር ትንሽ ቁራጭ ነው። 375 ካሬ ሜትር ላይ ሁለት ሜትር በሁለት ሜትር ቡና ብትተክሉ ከ90 ብዙም የማይዘል ዛፍ ነው የምታገኙት። እሱም ፍሬ እስኪሰጥ ሦስት አራት ዓመት ይፈልጋል። ከዚያም አንድ ዓመት በደንብ ይይዛል፣ በሚቀጥለው ያርፋል። በዚያ መሃል ቤቱ የሚበላው በሙሉ የሚገዛ ነው።

«ገዝተን እንበላለን» የሚለውም ያሳስበኛል። መንገዱ ወደ ሁለት አቅጣጫ ነው የሚሄደው። ቡናውን እንዳወጣ ሁሉ ቆጮውንና በቆሎውንም ወደ ጅማና ወደ አዲስ አበባ ያወጣል። ጎረቤቶቻችሁም እንሰታቸውን ከነቀሉ የቦንጋ ገበያ ላይ ቆጮ ማን ይሸጥላችኋል? የክረምቱን በቆሎ ዋጋ የሚወስነው የናፍጣ ዋጋና የአዲስ አበባ ነጋዴ ይሆናል።

እንሰት ጉድለት የለውም ማለቴ አይደለም። ቆጮ ፕሮቲኑ በጣም ትንሽ ነው። ቦሎቄ፣ ጎመን፣ ወተት ካልተጨመረበት ልጅ ጠግቦ ይጎዳል። አጠውልግ የሚባለው በሽታም አለ፤ በቢላ ነው ከተክል ወደ ተክል የሚተላለፈው። የታመመውን ከነሥሩ ነቅሎ መቅበር፣ ቢላውን በእሳት መለብለብ ነው መላው። ከብት ከሌለ ፍግ የለም፣ ፍግ ከሌለ ደግሞ እንሰቱ ይከሳል። ወንድምሽ ብር አግኝቶ ማውጣት ከፈለገ እዚህ ላይ ያውጣ። አንዲት የምትታለብ ላምና ለእንሰቱ ፍግ።

ፈረሱላ

የቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር ሒሳብ ላይ ነው የምሠራው። ከላይ በተባለው እስማማለሁ፤ ግን ወንድምየው ሙሉ በሙሉ ተሳስቷል አልልም። ጨው፣ መድኃኒት፣ ደብተር በቆጮ አይገዛም። የካቲት 2025 እ.ኤ.አ. የአረቢካ ዋጋ በዓለም ገበያ በፓውንድ ከ4 ዶላር በላይ ወጥቶ ነበር። በእንዲህ ያለ ጊዜ ወጣት ልጅ ቡና ቡና ቢል አይፈረድበትም። ጥያቄው ገቢውን አዲስ መሬት ሳይነካ እንዴት ያሳድግ ነው።

አንደኛው መንገድ ጉንደላ ነው። የአባትሽ ቡና ያረጀ ከሆነ፣ ብዙ ቦታ እንደማየው ቀጥኖ ወደ ላይ ሸሽቶ ፍሬው ጫፉ ላይ ብቻ የቀረ ከሆነ፣ ከመሬት ከ30 እስከ 45 ሳንቲ ሜትር ትቶ መጎንደል ነው። ሁለት ሦስት ዓመት ውስጥ መልሶ ይሰጣል። ሁሉንም በአንድ ጊዜ ሳይሆን በየዓመቱ ከፋፍሎ ይቁረጥ፣ ገቢው እንዳይቋረጥ።

ሌላው ለቀማው ነው። ቀዩን ብቻ ለቅሞ፣ ከመሬት ከፍ ባለ አልጋ ላይ ማድረቅ። መሬት ላይ የደረቀ ጀንፈል (ከነገለባው የደረቀ ቡና) አፈር አፈር ይሸታል፤ ቀማሹ ወዲያው ይለየዋል፣ ደረጃውም ይወርዳል። በፈረሱላ፣ ማለትም በ17 ኪሎ፣ የሚመጣው የዋጋ ልዩነት ሲጠራቀም እንሰቱን ነቅሎ ይገኛል የተባለውን ገቢ ሊያካክስ ይችላል። ለማኅበር ማስረከብ ደግሞ ትርፍ ሲኖር ተከፋይ ያደርጋል። የቡና አዋጅ ቁጥር 1051/2009 ከወጣ ወዲህ አቅራቢና ላኪ ከኢትዮጵያ ምርት ገበያ ውጭ በቀጥታ መተሳሰር ይችላሉ፤ ስለዚህ ጥሩ ቡና ላለው የድሮው በር ብቻ አይደለም ያለው።

ጫካውን መመንጠር ግን በፍጹም። የአውሮፓ ኅብረት በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሕግ ከታኅሣሥ 31 ቀን 2020 እ.ኤ.አ. በኋላ ደን ተመንጥሮ ከተተከለ ማሳ የመጣ ቡና ገበያው ውስጥ አይገባም። ሕጉ ሥራ ላይ የሚውልበት ጊዜ ከአንድ ጊዜ በላይ ተገፍቷል፤ ያቺ ቀን ግን አልተነካችም። እያንዳንዱ ማሳ ጂፒኤስ ነጥብ ይያዝለታል፣ ከሳተላይት ምስል ጋር ይተያያል። ወንድምሽ የሚመነጥረው ለበቆሎ እንጂ ለቡና እንዳልሆነ አውቃለሁ። ግን ነገ ዋጋው ሲስበው እዚያው ላይ ቡና ይተክላል፣ ያ ቡና ደግሞ ከማኅበሩ ቡና ጋር ሲቀላቀል የሁላችንን ጭነት ነው የሚያስጥለው። ጀርመን ከትልልቅ ገዢዎቻችን አንዷ መሆኗን አትርሱ።

ጨና

እኔ የወንድምየውን ወገን ልያዝ። እዚሁ ካፋ ገበሬ ነኝ።

ደን ጠብቁ ማለት ቀላል ነው። ካፋ በ2010 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ ባዮስፌር ሪዘርቭነት ተመዝግቧል፣ ጥሩ። ደኑ የዓለም ሀብት ነው፣ የቡና መገኛ ነው፣ ይሁን። ከደኑ የሚወጣው ዝንጀሮና ከርከሮ ግን የኔን በቆሎ ነው የሚበላው። ቀን ለዝንጀሮ፣ ሌሊት ለከርከሮ ማማ ላይ እናድራለን። በቆሎው እሸት ሲይዝ ልጆች ትምህርት ቤት ይቀራሉ። ለዚያ የሚከፍለን የለም። ማሳዬ ከአባቴ በጠበበበት ጊዜ ልጆቼን ምን ላበላ ነው? ይህን ሳትመልሱ «አትመንጥር» ብቻ ማለት ፍትሕ አይደለም።

ነባር ልማት ሠራተኛ

ወንድሜ ጨና፣ ልክ ነህ። የደኑ ጥቅም ለሁሉም ይደርሳል፣ ጉዳቱ ግን ጠርዙ ላይ በሚኖረው ሰው ነው የሚያርፈው። የጥበቃ ፕሮግራም ሁሉ መጀመሪያ መመለስ የሚገባው ይህን ነው።

ግን መመንጠሩ ዝንጀሮውን አያርቀውም። የጠያቂዋን ማሳ አቀማመጥ ተመልከት። እንሰት ቤቱ ጋ፣ በቆሎ መሃል፣ ቡና ጫካው ጋ። ይህ የአባቶች አሠራር ነው፣ ትክክልም ነው። ዝንጀሮ በቆሎው ጋ ለመድረስ ቡናውን አቋርጦ ሰው ወዳለበት መቅረብ አለበት። አዲሱ ምንጣሮ ግን ከቡናው ማዶ፣ ጫካው ሥር ነው የሚሆነው። እዚያ የተዘራ በቆሎ ዝንጀሮ አፍ ውስጥ እንደመዝራት ነው። ቦታው ደግሞ ቁልቁለት ነው ብላለች። የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ያለ ማዳበሪያ ያምራል፣ ከዚያ ዝናቡ አፈሩን ይዞት ይወርዳል።

ጥበቃውን በተመለከተ የሠራው ነገር ተራ መግባት ነው። ጎን ለጎን ያሉ ማሳዎች በቆሎውን በአንድ ሳምንት ውስጥ ዘርተው በጋራ ሲጠብቁ የልጆች መቅረት ቀንሶ አይቻለሁ። አንድ ሰው ብቻውን ቀድሞ ወይም ዘግይቶ ከዘራ ግን የዝንጀሮው መንጋ በሙሉ እሱ ላይ ነው።

ደኑም ገቢ አለው። ጌተም የሚባለው የጫካ ዛፍ ሲያብብ ንቡ የሚሠራው ነጭ ማር ሚያዝያና ግንቦት ላይ ይቆረጣል። ልብ በሉ፣ የቡናው ብር ካለቀ በኋላ፣ ክረምቱ ሳይገባ። ቅመሞቹ ኮረሪማና ጥምዝም አሉ። የድሮዎቹ የካፋና የሸካ ሰዎች ቀፎ የሚሰቀልበትን የደን ክፍል በየቤተሰቡ ለይተው በኮቦ ሥርዓት ይዘውት ነበር። በአሳታፊ የደን አስተዳደር ማኅበር አባል ለሆነ ሰው ይህ አሁንም ይፈቀዳል። ግን ማሩን ለማን ነው የምንሸጠው? መንገዱ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ሰምና የንብ እጭ የተቀላቀለበትን በባልዲ ለሚያልፍ ነጋዴ ከመስጠት አጣርቶ በማኅበር መሸጥ ይሻላል።

አንድ ነገር ለቡና ባለቤቶች ልጨምር። ቡና ሥር ስትመነጥሩ የከራሮና የዋንዛ ችግኝ አብሮ እየተቆረጠ ነው። ትልልቆቹ ሲወድቁ የሚተካ ጥላ አይኖርም። በየምንጣሮው ጥቂቱን ተዉለት።

የቦንጋ ገበያ

እናንተ ስለ መሬት አወራችሁ፣ እኔ ስለ ብሩ ልናገር። ገበያ ላይ የምውል ሴት ነኝ።

የቡና ብር የሚቆጠረው በአባወራው እጅ ነው። አይሱዙው ሲመጣ የሚነጋገረው ከወንዱ ጋር ነው። ቆጮው፣ ቡላው፣ ጎመኑ፣ ቅቤው ግን የሴቷ ነው። ልጅ ሲታመም ቅዳሜ ቡላ ይዛ ወጥታ መድኃኒት ገዝታ ትመለሳለች፤ ማንንም አታስፈቅድም። እንሰቱ ሲነቀል እናትሽ ለእያንዳንዱ ጣሳ በቆሎ ከልጇ እጅ ልትጠብቅ ነው። አንቺ ግትርነት ነው ወይ ብለሽ ጠይቀሻል። አይደለም እህቴ። እሷ ክረምቱን አስባ ነው፣ ቤቱንም የሚመግበው ማን እንደሆነ ታውቃለች።

ወንድምሽን አትጩሁበት። አስቀምጡትና ሐምሌ ላይ ምን እንደሚበላ ራሱ ይንገራችሁ።

የጊምቦዋ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሙሉውን ለወንድሜ በስልክ አነበብኩለት። ምንጣሮውን ትቶታል፤ የጂፒኤሱ ነገር ነው ያሳመነው። በእንሰቱ ላይ ገና አልተስማማም፤ ጉንደላውን ግን መሞከር ይፈልጋል። አባዬ ደግሞ በመጨረሻ ተናገረ። ክረምት ላይ ቡናውን ዛፍ ላይ የሸጠበት ዓመት እንደነበረና እማዬ ያን ጊዜ በቆጮ እንዳወጣቻቸው ነገረን። እኛ ልጆቹ አናውቅም ነበር።

ሁለት ጥያቄ ይቀረኛል። ጉንደላው በየትኛው ወር ነው የሚሠራው? የመሬቱን ድንበርስ አባዬ በጤና እያለ እንዴት እናስመዝግበው?

ፈረሱላ

ለቀማው ካለቀ በኋላ፣ ጥርና የካቲት ላይ፣ ዝናቡ ሳይገባ። ውሃ እንዳይተኛበት አግድም ሳይሆን ሰያፍ አድርጎ በስለታም መጋዝ ይቁረጠው። ብዙ ቡቃያ ያወጣል፤ ጠንካራ የሆኑትን ሁለት ሦስት ትቶ ሌላውን ያንሳ። በተቆረጠው መሃል የመጀመሪያው ዓመት ፀሐይ ስለሚገባ ቦሎቄ ዝሩበት። እናትሽም የምትፈልገው እሱን ነው።

ለድንበሩ የወረዳው መሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ሄዳችሁ የይዞታ ማረጋገጫ ደብተራችሁ ላይ ያለውን አስፈትሹ። አባትሽ ከድንበርተኞቹና ከቀበሌው ሰዎች ጋር ዙሪያውን ይሂድ፣ ወንድምሽ ስልኩን ይዞ ይከተለው። የማኅበሩ ሰዎች ለምዝገባ ሲመጡም አብሮ ይቁም። እናትሽም ደብተሩ ላይ ስሟና ፎቶዋ መኖሩን አረጋግጪ።