ጥቆማ፦ ለአራት ልጆች የሱፐርሂሮ ጌም፣ ስዊች፣ ስዊች ላይት ወይስ ፒኤስፒ ይሻላል?

ከደብረ ማርቆስ፦ ሰላም ናችሁ? ሁለቱ ወንድሞቼና የአክስቴ ልጆች ክረምቱን እኛ ቤት ናቸው። እነ ስፓይደርማን በቡድን ሆነው የሚደባደቡበትን ጌም ግዥልን ብለው ወጥረው ይዘውኛል። መብራት ሲጠፋም እንዲሠራ በእጅ የሚያዝ ነው የምፈልገው። አንድ ሱቅ ያገለገለ ስዊች ላይት፣ ማለትም አነስ ያለውን የኒንቴንዶ ስዊች ጌም ማጫወቻ፣ አሳይቶኛል፣ ዋጋውም ደህና ነው። ልውሰደው?

ከባሕር ዳር፦ ኧረ ተይው እህቴ! ልጆቹ የሚሉሽ ማርቭል አልቲሜት አሊያንስ 3 ይመስለኛል፤ በ2019 የወጣ፣ ለስዊች ብቻ የተሠራ ነው። አራት ጀግና መርጠሽ ትገቢያለሽ። ብቻሽን ከሆንሽ ከአንዱ ወደ ሌላው እየቀያየርሽ፣ ሰው ካለ እስከ አራት ሆናችሁ በአንድ ስዊች ትጫወታላችሁ። የዋናው ስዊች ጆይኮኖች (በእጅ የሚያዙት መቆጣጠሪያዎች) ከግራና ከቀኝ ስለሚነቀሉ ሁለት ልጆች አንዳንድ ይዘው ወዲያው ይጀምራሉ። የላይት ግን አይነቀልም፣ ከቲቪም ጋር አይገናኝም። ለአንድ ልጅ ሸጋ ነው፤ ለአራት ግን ጠብ ገዝቶ መግባት ነው።

አንድ ነገር ግን ልንገርሽ። በዚያች 6.2 ኢንች ስክሪን አራት ሰው ሲገባበት ፍንዳታው ሁሉንም ይሸፍነዋል። እኔ ዎልቨሪንን ይዤ አገር አጠፋሁ ብዬ ስፎክር፣ ለካ የሚያንቀሳቅሰው ታናሽ ወንድሜ ነው፤ የኔው ጥግ ላይ ተዘርሯል። መብራት ሲኖር በቲቪ ይጫወቱ።

ከፍኖተ ሰላም፦ እኔ እንኳ የፒኤስፒ፣ የሶኒዋ የድሮ የእጅ ጌም ማጫወቻ፣ ሰው ነኝ። የመጀመሪያው አልቲሜት አሊያንስ በ2006 ለሱም ወጥቷል፣ ዛሬም አይሰለችም። ችግሩ አብሮ ለመጫወት እያንዳንዱ የራሱ ፒኤስፒ ያስፈልገዋል። ያገለገለ ካገኘሽ የጀርባውን ክዳን ከፍተሽ ባትሪውን እይ። እኔ ሳላይ ገዝቼ ቤት ስከፍተው እንደ ድፎ ዳቦ ተነፍቶ አገኘሁት፤ ሻጩም ከዚያ ወዲያ ስልክ አላነሳም።

ከደብረ ማርቆስ፦ አያ የባሕር ዳሩ፣ እሺ ዋናውን ስዊች ልፈልግ። ግን ሻጩ «ጌሙን ሜሞሪ ላይ ጭኜ እሰጥሻለሁ» ይላል።

ከባሕር ዳር፦ የጌሙን ካርድ ግዥ። ኔት ኖረም አልኖረም ይሠራል፣ ሲጨርሱት መልሰሽ ትሸጭዋለሽ። ጌሙ ሳይገዛ በሕገወጥ መንገድ የተጫነ ከሆነ ግን ኒንቴንዶ ማሽኑን ከኦንላይን አገልግሎቱ ሊያግደው ይችላል። ባትሪውን ደግሞ ከታች ጠርዙ ላይ ካለው ሲሪያል ቁጥር ታውቂዋለሽ፦ በኤክስ-ኬ-ደብልዩ የሚጀምረው የ2019ኙ ነው፣ እንደ ጌሙ ከ4.5 እስከ 9 ሰዓት ይቆያል። በኤክስ-ኤ-ደብልዩ የሚጀምረው የፊተኛው ነው፤ ከ2.5 እስከ 6.5።

ለአራቱ ልጆች ሌላ ጥንድ ጆይኮን ጨምሪ። እዚያው ሱቁ ውስጥ ሞክሪው፤ ማንም ሳይነካው ጀግናው ብቻውን የሚራመድ ከሆነ መልሽለት።