ልጄ የጎልፍ ፕሮ እሆናለሁ አለች፤ በዚህ ነገር እንጀራ ይበላል?

የሁለት ልጆች እናት (ሀምቡርግ)

ሰላም ናችሁ? ትልቋ ልጄ 13 ዓመቷ ነው። በ2024 የፓሪስ ኦሊምፒክ ኤስተር ሄንሰላይት ብር ስታመጣ ቲቪ ላይ አይታ፣ ጎልፍ ካልተጫወትኩ ብላ አስጨነቀችን። ይበርድላታል ብዬ ነበር፣ ጭራሽ ባሰባት። አሁን ክለብ ገብታለች። አሰልጣኟም እጇ ጥሩ ነው ይላል። ባለፈው ደግሞ ራት ላይ "እኔ ፕሮ ነው የምሆነው" ብላ አረፈችው። አባቷ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

ስለ ሩጫ ብትጠይቁኝ ከደራርቱ ጀምሬ እቆጥርላችኋለሁ። የጎልፍን ግን ሀ ሁ አላውቅም። ኤስተር እዚሁ ሀምቡርግ፣ የፋልከንሽታይን ክለብ ልጅ ናት። እውነት ሰው በዚህ ይኖራል? ወይስ የሀብታም ልጆች መዝናኛ ነው? የምታውቁ ንገሩኝ፤ ለማጽናናት ብላችሁ ግን አትዋሹኝ።

ሣር አጫጅ

እህቴ፣ እኔ ጎልፍ አልጫወትም። የጎልፍ ሜዳ ሣር ነው የማጭደው፣ ሰሜን ጀርመን። ውድድር ሲኖር ጠዋት ጠዋት አዲስ ጉድጓድ የምንቆፍረው እኛ ነን። ስፋቷ 10.8 ሳንቲሜትር ናት። በክብ ብረት ሣሩን ከነአፈሩ መዝዘን እናወጣና የትናንቱን ጉድጓድ በእሱ እንደፍናለን። ተጫዋቾቹ ትናንት ያጠኑት ቦታ ዛሬ የለም ማለት ነው።

ገንዘቡን ልንገርሽ። አብዛኛው ውድድር ላይ ሁለት ቀን ከተጫወቱ በኋላ ግማሽ ያህሉ ይሰናበታል። ካት ይሉታል። ጎልፍ ላይ ጥቂት ምት የመታ ነው የሚቀድመው። ካቱን በአንድ ምት ያጣች ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ቤሳ ቤስቲን አታገኝም። የአውሮፕላኑን፣ የሆቴሉን፣ የካዲውን (ቦርሳ ተሸካሚዋን) ከኪሷ ከፍላ ነው የምትመለሰው። ደሞዝ የሚባል ነገር የለም። እዚያ ሜዳ ላይ ኳሷ ከጉድጓዱ አፍ ተመልሳ ፊቷ ሲቀያየር ያየኋት ልጅ ነበረች። እኔ ያን ጉድጓድ ጠዋት ስቆፍር እያፏጨሁ ነበር።

ኤስተር የወጣችው እንዲህ ነው። በ2019 መጀመሪያ ላይ፣ 20 ዓመት ሲሞላት ፕሮ ሆነች። በዚያው ዓመት መጨረሻ ኬንያ ሄደች፣ ከሞምባሳ ወደ ሰሜን፣ ቪፒንጎ ሪጅ የሚባል ሜዳ። በመጨረሻው ቀን በ64 ምት ጨርሳ ህንዳዊቷን አዲቲ አሾክን በአንድ ምት ቀደመቻት። በዚያች ድል የአውሮፓ የሴቶች ቱር (ዓመቱን ሙሉ የሚካሄዱት የፕሮ ውድድሮች) የዓመቱ አንደኛም፣ ምርጥ አዲስ ተጫዋችም ሆነች። በቀጣዩ ዓመት አሜሪካ፣ ኤልፒጂኤ የሚባለው የሴቶች ቱር ገባች። ፓሪስ ላይ ደግሞ የመጨረሻዎቹን ሁለት ጉድጓዶች፣ 17ኛውንና 18ኛውን፣ በበርዲ፣ ማለትም ለጉድጓዱ ከተመደበው በአንድ ባነሰ ምት፣ ዘጋች። የቀኑ ውጤቷ 66 ነበር። ከኋላዋ የምትጫወተው የኒውዚላንዷ ሊዲያ ኮ 18ኛው ላይ በርዲ አስገብታ በሁለት ምት ባትቀድማት ኖሮ ወርቁ እንኳ ያሰጋ ነበር።

እና ለዚያ ብር ስንት ተከፈላት? ኦሊምፒክ ላይ ለጎልፍ የሽልማት ገንዘብ የለም። የጀርመን ስፖርት ድጎማ በ2024 ለብር ሜዳሊያ የሰጠው 15 ሺህ ዩሮ ነበር። ቦርሳዋን የተሸከመላት እጮኛዋ ነበር፤ ቢያንስ የካዲው ድርሻ ከቤት አይወጣም።

ኬቢ ኮሎኝ

አንተ ሰውዬ ሴትዮዋን አስደነገጥካት እኮ! እኔ ደግሞ ሌላዋን ልንገርሽ፣ ሶፊያ ፖፖቭን። መዥገር የሚያመጣው የላይም በሽታ ሳይታወቅላት ለዓመታት አንከራተታት። በ2019 የኤልፒጂኤ መግቢያ ማጣሪያ በአንድ ምት አመለጣት። ልትተወው ነበር። በ2020፣ በኮሮናው ሰዓት፣ አሪዞና ውስጥ ትናንሽ ውድድሮች ላይ ተጫወተች። አንዴ እንዲያውም የሌላ ተጫዋች፣ የሆላንዷ የአን ፋን ዳም ካዲ ሆና ቦርሳ ተሸከመች። ሳምንታት ሳይቆይ፣ ነሐሴ ላይ፣ ስኮትላንድ ሮያል ትሩን ሄዳ የሴቶች ብሪቲሽ ኦፕንን በላችው! በዓለም 304ኛ ነበረች። ሜጀር፣ ማለትም ከትልልቆቹ ውድድሮች አንዱን፣ ያሸነፈች የመጀመሪያዋ ጀርመናዊት ሴት ናት። 675 ሺህ ዶላር፣ በአራት ቀን።

ያናደደኝ ነገር ግን አለ። ሜጀር ያሸነፈ የኤልፒጂኤ አባል የአምስት ዓመት የመጫወቻ መብት ያገኛል። እሷ በዚያ ቀን አባል ስላልነበረች ሁለት ዓመት ገደማ ብቻ ሰጧት። ሕግ ሕግ ነው ይሉሃል። ታዲያ ዋንጫውን ማን ነው የወሰደው?

አበሻዋ ከቨርጂኒያ

በ13 ዓመቷ ስለ ፕሮ አትጨነቂ እህቴ። ስለ ትምህርቷ አስቢ። እዚህ አሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ለሴት ጎልፈኞች ስኮላርሺፕ ይሰጣሉ፣ ከጀርመንም ብዙ ልጆች ይመጣሉ። ፖፖቭ በዩኤስሲ (የሳውዘርን ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ) በኩል ነው ያለፈችው። ሌኦኒ ሀርም የሚሏት ጀርመናዊት አለች፤ በ15 ዓመቷ ስትሮጥ መኪና ገጭቷት፣ አትተርፍም ተብላ ነበር። ተርፋ ሂዩስተን ዩኒቨርሲቲ ባዮኬሚስትሪ ተማረች። በ2018 ደግሞ የብሪታንያን የሴቶች አማተር ዋንጫ ወሰደች። ጎልፉ ባይሆን ዲግሪው አለ ማለቴ ነው።

ኤስተርን በ2024 ሶልሃይም ካፕ፣ የአውሮፓና የአሜሪካ ሴቶች ቡድን የሚገጥሙበት ውድድር፣ እኛ ሰፈር ጌይንስቪል ሲደረግ አየኋት። በመጀመሪያው ቀን ከእንግሊዟ ቻርሊ ሀል ጋር ተጣምራ በአሜሪካዎቹ በእነ ኔሊ ኮርዳ ተሸነፈች። ረጋ ያለች ልጅ ናት። እንደ እኔ ቢሆን ዱላውን እወረውር ነበር።

የሁለት ልጆች እናት (ሀምቡርግ)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁም። ስኮላርሺፑን ለአባቷ ስነግረው ሳቁን አቆመ። ሣር አጫጁ ወንድሜ፣ አንተ ብትሆን ልጅህን ታስገባለህ?

ሣር አጫጅ

አስገባለሁ፤ ግን መጀመሪያ አንድ የሴቶች የፕሮ ውድድር ይዤያት እሄዳለሁ። ሁለተኛው ቀን ላይ፣ ዓርብ። መሪዎቹን አትከተሉ፣ እነሱን ቲቪም ያሳያችኋል። ከካቱ በላይና በታች የምትዋዥቅ አንዷን መርጣችሁ ከመጀመሪያው ጉድጓድ እስከ 18ኛው አብራችኋት ሂዱ። ከዚያ ልጅሽን ጠይቂያት።

አምስት ሰዓት ገደማ በእግር ነው። ዝናብ አይቀርም፣ ጃኬት ያዙ። ምሳም ከቤት ቋጥሩ፤ እዚያ የሚሸጠው ዋጋው ያስለቅሳል።