ሬይኳዛን ለሦስት ለመጣል ይህ ቲም ይበቃል? (ድሬዳዋ)

ከዚራ_ልጅ፦
ሰላም ጀመዓ። ፖኬሞን ጎ (የስልክ ጌም) ላይ ሬይኳዛ ባለ አምስት ኮከብ ሬይድ (በቡድን የሚገጠም ቦስ) ሆኖ ሲመጣ ለሦስት ልንገባበት ነው። ያለኝ፦ ሌቨል 28 የሆኑ ሁለት ማሞስዋይን (የአንዱ ምት ፓውደር ስኖው የሚባል የበረዶ፣ የሌላው መድ ስላፕ የሚባል የመሬት)፣ ሁለት ድራጎናይት፣ ራይፔሪየርና ታይራኒታር። ስታርደስቴ (ፖኬሞን ማሳደጊያው) 160 ሺህ ነው። ድራጎናይቶቹን ላሳድግ? ወይስ ጌሙ ራሱ የሚመርጥልኝን ስድስት ይዤ ልግባ?

ሳቢያን_ማታ፦
ድራጎናይቱን ተወው አቦ! ሬይኳዛ ድራጎንም በራሪም ስለሆነ በረዶ በሁለቱም በኩል ያገኘዋል፤ የበረዶ ምት 2.56 እጥፍ ሲያርፍበት የድራጎን ምት 1.6 ብቻ ነው። ደግሞ አውትሬጅ (የድራጎን ምት) ይዞ ከመጣ ድራጎናይት ቶሎ ነው የሚወድቀው።

ስታርደስትህን ማሞስዋይን ላይ አውለው። ከ28 ወደ 30 ለእያንዳንዱ 19,000 ስታርደስትና 16 ካንዲ (የዚያው ፖኬሞን ማሳደጊያ) ይፈልጋል። መድ ስላፕ ያለውን በፋስት ቲኤም (ፋስት ሙቭን፣ ማለትም ፈጣኑን ምት የሚቀይር ዕቃ) ቀይረው፤ የመሬት ምት በራሪ ላይ 0.39 ብቻ ስለሚሆን እንዳለ ብታስገባው ባዶ ነው። ማሞስዋይን ያለው ፋስት ሙቭ ሁለት ብቻ ነውና አንድ ቲኤም ይበቃሃል። ቻርጅድ ሙቩ (ኃይል ሲሞላ የሚለቀቀው ምት) አቫላንሽ ይሁን።

በቀረው ሦስተኛ ጨምር። ከስዊነብ (የማሞስዋይን መነሻ) እስከ ማሞስዋይን ለመቀየር 125 ካንዲና አንድ ሲኖህ ስቶን (መቀየሪያ ድንጋይ)፣ ከሌቨል 20 ወደ 30 ደግሞ 75,000 ስታርደስትና 66 ካንዲ ነው። 30 ላይ አቁም። ከዚያ እስከ 40 ድረስ 150,000 ታወጣለህ፣ የምታገኘው ጉልበት ግን 8 በመቶ ገደማ ነው።

ጀጎል5፦
ጌሙ የሚመርጠውን አትመን፤ ብዙ ጊዜ ቶሎ የማይሞተውን እንጂ ጠንክሮ የሚመታውን አያስገባም። ሰው የሚሸነፈው በሰዓት ነው። የቦሱ ኤችፒ (የሕይወት ነጥብ) 15,000፣ ሰዓቱ 300 ሴኮንድ፤ ሦስታችሁም በሴኮንድ 17 ገደማ ካልመታችሁ አያልቅም። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ምት መሸሽ አያዋጣም።

ስድስቱ ሲወድቁ እዚያው ሪቫይቭ እያደረጋችሁ (የወደቁትን እያነሳችሁ) ሰዓት አትብሉ። ሁለተኛ ፓርቲ (ሌላ ስድስት) አስቀድማችሁ አዘጋጁና በእሱ ተመለሱ። ራይፔሪየርና ታይራኒታር በሮክ ምት (ስማክ ዳውን ካላቸው) 1.6 ስለሚመቱ ለሁለተኛው ይሆናሉ።

ከሦስታችሁ አንዱ ሜጋ (ለጊዜው የጠነከረ) ግላሊ ወይም ሜጋ አቦማስኖው ካለው ያስገባ። ሜዳ ላይ እስካለ ድረስ የሌሎቻችሁን የበረዶ ምት 30 በመቶ ይጨምራል። ሁለት ሜጋ አንድ ላይ ቢገባ ግን አይደመርም፤ አንዱ ሲወድቅ ሌላው ይግባ።

ለገሃር_ቲም፦
ጌሙ የሚያሳየውን የአየር ምልክት ሳታዩ አትግቡ። እዚህ ከተማ በረዶ ስለማይጥል ማሞስዋይን የአየር ቡስት (ጭማሪ) አያገኝም፤ ጌሙ ነፋስ ካሳየ ደግሞ የሬይኳዛ የድራጎንና የበራሪ ምት 20 በመቶ ይጨምራል። ለሦስት ፀሐይ ሲያሳይ ይሻላል። ብቸኛው የነፋስ ጥቅም ሲያዝ ሌቨል 25 ሆኖ መምጣቱ ነው፦ መቶ በመቶው (ፍጹሙ) 2739 ሲፒ (የጥንካሬ ቁጥር)፣ ያለ ነፋስ 2191።

ጓደኞችህ ጋላሪያን ዳርማኒታን ካላቸው ሬይኳዛው ኤንሸንት ፓወር (የሮክ ምት) ይዞ እንደሆነ ይጠንቀቁ፤ እንደ ዳርማኒታን በረዶ ብቻ የሆነውን 1.6 ይመታዋል። ማሞስዋይን መሬትም ስለሆነ ያለ ጭማሪ ነው የሚያርፍበት።