ረቂቁን እናሳጥረው፤ ለባንክ ካርዱ ብቻ ይበቃናል

ሰብሳቢ፦ ሰላም ጓዶች። እኛ የሶሻል ሚዲያ ማስታወቂያ ሠሪዎች ለባንኮች የምናስገባው የጥያቄ ደብዳቤ ረቂቅ 11 ነጥብ ደርሷል። ቅዳሜ ከመገናኘታችን በፊት የሚወጣው ይውጣ፣ ያለ ይሉኝታ ጻፉ።

አባል፣ ስታዲየም፦ ያለ ይሉኝታ ከተባለ እሺ። 11 ነጥብ ማንም አያነብም። ቲሸርቱም፣ የዓመቱ እራትም፣ "የዘርፉን ገጽታ መገንባት" የሚለውም (የጻፍከው ወንድሜ ይቅርታ) ይውጣ። የሁላችንም ሕመም ክፍያ ነው። ሜታም (የፌስቡክ ባለቤት) ሆነ ጉግል የማስታወቂያ ክፍያ በብር አይቀበሉም፣ ስለዚህ ሁላችንም የምንሮጠው በዶላር የሚከፍል "ካርድ ያለው ልጅ" ጋ ነው። የፋሲካ ዋዜማ የአንድ ጫማ ቤት ማስታወቂያ እያስኬድኩ "ክፍያው አልተሳካም" የሚል ቀይ ጽሑፍ ወጣብኝ። ልጁ ጋ ስደውል ስልኩ ዝግ፤ ብሩን ግን ጠዋት በቴሌብር ልኬለታለሁ፣ ደንበኛዬ ደግሞ ዶሮ ተራ ቆሞ በየ10 ደቂቃው "እንዴት ሆነ?" ይለኛል። ደረሰኝ ቢጠይቀኝስ? ልጁ ደረሰኝ የለው። ሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህማ ዛሬ የነገርኩት ዋጋ ለነገ አይሆንም። ስለዚህ አንድ ነገር እንጠይቅ፦ ንግድ ፈቃድ ላለው ድርጅት፣ ለማስታወቂያ ብቻ የሚሠራ፣ የወር ጣሪያ ያለው ካርድ፣ ከብር ሒሳባችን የሚቆረጥ።

አባል፣ ፒያሳ፦ በካርዱ እስማማለሁ። ግን የራሳችንንም ጉድ እንጻፍ እንጂ። ስንቶቻችን ነን የደንበኛውን ፔጅ በራሳችን ስም ከፍተን የያዝነው? በሒሳብ ሲጣሉ አድሚኑን (ፔጁን የማስተዳደር መብቱን) ነጥቆ ጥርቅም። ፔጁም የማስታወቂያ አካውንቱም በባለቤቱ ስም ይከፈት፣ ለእኛ የመሥሪያ ፈቃድ ይሰጠን፣ ይኼ ውል ላይ ይግባ። ሰዓቱም ይግባ! አንዱ ደንበኛዬ "2 ሰዓት ይለጠፍ" አለኝ፣ የማታ 2 ማለቱ ነው። አብሮኝ የሚሠራው ልጅ በፈረንጅ ሰዓት የሚሠራው ሲስተም ላይ ቀጥታ 2:00 ብሎ ሞላው። የበዓል ቅናሹ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ወጣ። ያየው ዘበኛው ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

አባል፣ ሜክሲኮ፦ ሃሃ፣ በእኔም ደርሷል። የማስታወቂያ አዋጁን ማሻሻል የሚለው ነጥብስ? 759/2004 ሲወጣ እኮ ቲክቶክ አልተወለደም።

አባል፣ ስታዲየም፦ ልክ ነህ፣ ግን ባንክ ሕግ አያወጣም። ለሌላ ደብዳቤ ይቆየን።

አባል፣ ፒያሳ፦ ከሕግ ግን አንዱን እኛው ራሳችን እንፈርምበት። የደንበኛ ስልክ ዝርዝር በቴሌግራም የምትቀያየሩ አላችሁ፣ አውቃችኋለሁ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ከወጣ ቆየ፣ 1321/2016። ይቅር።

ሰብሳቢ፦ እሺ። ለባንክ ካርዱ ብቻ፤ የፔጅ፣ የሰዓትና የስልክ ዝርዝሩ ወደ ራሳችን ውል። እራቱን የሰረዝኩት እያዘንኩ ነው። ያለ ደረሰኝ የከፈላችሁበት ስክሪንሾት ያላችሁ ስም ሸፍናችሁ ይዛችሁ ኑ፣ አባሪ እናደርገዋለን። ቅዳሜ 4 ሰዓት፣ አራት ኪሎ፣ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት በር ላይ። የጠዋት 4፣ በሐበሻ።