የባስ ዓሣ ጫጩቶቼ ደረቅ መኖ አንነካም ብለዋል፤ ምን ይሻላል?

ጀማሪው አርቢ፦
ሰላም ለእናንተ ይሁን። ላርጅማውዝ ባስ የሚባለውን ሌሎች ዓሦችን እያደነ የሚበላ ዓሣ ማርባት ጀምሬያለሁ። ጫጩቶቹ አሁን ከ4 እስከ 5 ሴንቲሜትር ይሆናሉ። እስካሁን ኩሬ ውስጥ ዞኦፕላንክተን (ውሃ ላይ የሚንሳፈፉ ደቃቅ እንስሳት) እና የነፍሳት እጭ እየለቀሙ ነው ያደጉት። ወደ ገንዳ ካስገባኋቸው ወዲህ እንክብል መኖ እበትንላቸዋለሁ። ዘወር ብለው እንኳ አያዩትም፤ ታች ወርዶ ይበሰብሳል። ጭራሽ ትልልቆቹ ትንንሾቹን መዋጥ ጀምረዋል። ረሃቡ እስኪጠናባቸው ዝም ብዬ ልጠብቅ? ጨንቆኛል።

ኩሬ ዳር፦
አይዞህ። አንድ ቀን ምግብ ከልክላቸውና እንክብሉን ስጣቸው። እምቢ ካሉ ደግመህ ከልክል። ሲርባቸው ይበላሉ።

የገንዳው ሰው፦
የአንድ ቀን ጾም ለመጀመሪያው ቀን ጥሩ ነው። በረሃብ ብቻ ግን አይሆንም። ባስ የሚያድነው በዓይኑ ነው፤ የሚንቀሳቀስ ነገር ካላየ አይወረወርም። ታች ያረፈ እንክብል ለእሱ ጠጠር ነው። ረሃቡ ሲብስበት የሚያጠቃው የሚንቀሳቀሰውን ነው። ገንዳው ውስጥ የሚንቀሳቀሰው ደግሞ ወንድሙ ብቻ ነው። አሁን እያየህ ያለኸው ይህንኑ ነው።

እኔ የምጀምረው ከሚጥማቸው ነገር ነው፤ ከተፈጨ ትኩስ ዓሣ ወይም ክሪል ከሚባለው ሽሪምፕ መሰል ትንሽ የባሕር እንስሳ። ከዚያ የደረቁን መኖ ዱቄት ጥቂት እቀላቅልበትና በጄላቲን አያይዤ ለስላሳ እንክብል አደርገዋለሁ። በደንብ ሲበሉ የዓሣውን ድርሻ ቀነስ፣ የደረቁን ጨመር። ካኮረፉ ወደ ቀደመው ቅልቅል እመለሳለሁ። በዚህ መጠን ያሉ ባሶች አብዛኞቹ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ይለምዳሉ። እባክህ አትቸኩል። አፋቸው ውስጥ አስገብተው መልሰው ቢተፉትም ተስፋ አትቁረጥ፤ መቅመስ ጀምረዋል ማለት ነው።

አሰጣጡ ከመኖው እኩል ለውጥ ያመጣል። ትንሽ ትንሽ፣ ቶሎ ቶሎ፣ ቀኑን ሙሉ። ውሃው ቀስ ብሎ እንዲዞር አድርግ፤ እንክብሉ እየሄደ እንዲሰምጥ። በአንድ ጊዜ ዘርግፈህ አትሂድ። አጠገባቸው ቆመህ ተመልከት። አንዱ ሲወረወር ሌሎቹ ይሻማሉ። ጠበቅ ብለው መኖራቸው የሚረዳው ለዚህ ነው፤ ተራርቀው ከተበተኑ አንዱ ከሌላው አይማርም። መኖ የለመዱ ጥቂት ዓሦች ካገኘህ ቀላቅልላቸው፣ መጠናቸው እኩል ከሆነ ብቻ።

ስለ መበላላቱ፦ ዛሬውኑ በመጠን ለያቸው። ባስ የራሱን ግማሽ ርዝመት የሚጠጋ ዓሣ ሊውጥ ይችላል። አንዴ ወንድሙን መብላት የለመደ ቶሎ ይገዝፋል፣ ልዩነቱም በየቀኑ ይሰፋል። ስለዚህ መለየቱ የአንድ ጊዜ ሥራ አይደለም።

ውሃውንም አደራ። የተፈጨ ዓሣ ቶሎ ያበላሸዋል፣ ዓሣ የሚመርዘው አሞኒያም ይጨምራል። የተረፈውን በቱቦ ምጠህ አውጣ። ኦክስጅኑ በሊትር ከ5 ሚሊግራም እንዳይወርድ። ተጨናንቀውና በመረብ ተነካክተው ሳለ ኮለምናሪስ የሚባለው የባክቴሪያ በሽታ በቀላሉ ይገባል። ቆዳቸው ወይም ክንፋቸው ላይ ነጣ ያለ ምልክት ካየህ ነገ ዛሬ አትበል።

ፓይክፐርች አርቢ፦
የገንዳው ሰው ያለው ሁሉ ትክክል ነው። አንድ ልጨምር፣ ብርሃኑንም እዩት። የእኔዎቹ፣ ፓይክፐርች የሚባሉት አዳኝ ዓሦች፣ ደማቅ ብርሃን ሲበዛባቸው ጥግ ይዘው ይቀራሉ። ደብዘዝ ሳደርገው ነው ወጥተው የሚበሉት። ፓይክፐርች በተፈጥሮው ደብዛዛ ውሃ ይወዳል። በገንዳው አጠገብ መመላለስም ያስደነግጣቸዋል።

ጀማሪው አርቢ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዛሬውኑ እለያቸዋለሁ። ጨርሶ ያልለመዱትንስ ምን ላድርግ? ደግሞ በኋላ አምባዛ የማርባት ሐሳብ አለኝ፣ እሱም እንዲህ ያስቸግራል?

የገንዳው ሰው፦
ያልለመዱትን በዓይንህ ታውቃቸዋለህ። ጭንቅላታቸው ትልቅ፣ ሆዳቸው የተጣበቀ ይሆናል። ለብቻ አውጣቸውና ከተፈጨው ዓሣ እንደ አዲስ ጀምርላቸው። በሁለተኛው ዙር ብዙዎቹ ይመለሳሉ። ሳይደክሙ ቶሎ ማውጣት ነው ዋናው፤ በጣም ከከሱ በኋላ ማዳን ይከብዳል። በሁለተኛውም እምቢ ያሉትን ግን ከለመዱት ጋር አትመልስ፣ ጓደኞቻቸውን ወደ ማሳደድ ነው የሚሄዱት።

አምባዛ በዚህ በኩል ይቀላል። ምግቡን በማሽተትና በጢሙ ስለሚፈልግ ታች የወደቀውንም ያነሳል። ጫጩቱ ገና ሳለ አርቴሚያ (ደቃቅ የጨው ውሃ ሽሪምፕ) አብላው፣ ከዚያ ደቃቅ ደረቅ መኖ ቀስ በቀስ ተካለት። መበላላቱ ግን እሱም ዘንድ አለ፤ በመጠን መለየቱ አይቀርልህም።